ንግሥት ማርጌሪታ፤ ስማቸው በሐይቅና በቂጣ ላይ



የታላላቅ ሰዎችን የሕይወት ታሪክ ለትምህርት ቤት መጽሔት የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ዙፋናቸው፣ ስለ ጦርነታቸውና ስለ ጥበባቸው ይጽፋል እንጂ ስለ ማዕዳቸው የሚጽፈው ጥቂት ነው። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥኩት የአንዲት የኢጣሊያ ንግሥት ታሪክ ከማዕድ ጋር የተያያዘ ነው። እኚህ ንግሥት ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚታወቁት በዘውዳቸው ሳይሆን ወደዱት በሚባለው በአንድ የድሆች ቂጣ ነውና። ታሪካቸውን ስመረምር ከአገራችን፣ ከዚያም አልፎ ከወለጋችን ጋር በብዙ መንገድ የተገናኘ ሆኖ አገኘሁት። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የኢትዮጵያን ዘመን ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ፤ የቀረው ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ማርጌሪታ በኖቬምበር 20 ቀን 1851 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣሊያ በቶሪኖ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጄኖቫ መስፍን ፈርዲናንዶ የንጉሥ ቪቶርዮ ኤማኑኤሌ 2ኛ ወንድም ሲሆኑ፣ እናታቸው ኤሊሳቤታ ከጀርመን ከሳክሶኒያ ነገሥታት ቤት የመጡ ነበሩ። ማርጌሪታ የሚለው ስም በላቲን ቋንቋ ዕንቍ ማለት ነው፤ በኢጣሊያንኛ ደግሞ በሜዳ ላይ የምትበቅል የአንዲት ነጭ አበባ ስም ነው። አባታቸው የሞቱት እርሳቸው ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ኢጣሊያ በብዙ መንግሥታት የተከፋፈለች ስለ ነበረች፣ አንድ መንግሥት ሆና በሳቮያ ነገሥታት ቤት ሥር የቆመችው በ1861 ነው።

በኤፕሪል 1868 ዓ.ም. ማርጌሪታ የ16 ዓመት ልጃገረድ ሳሉ የአጎታቸውን ልጅ አልጋ ወራሹን ኡምቤርቶን አገቡ። ጋብቻው የነገሥታቱን ቤት ለማጽናት የተደረገ ስለ ነበረ ብዙ ፍቅር አልነበረበትም። ይሁን እንጂ ማርጌሪታ የተማሩ፣ ሙዚቃና ሥነ ጽሑፍ የሚወዱ፣ ሕዝብ ፊት መቅረብን የሚያውቁበት ሴት ስለ ነበሩ፣ ባላቸው ያላገኙትን የሕዝብ ፍቅር እርሳቸው በቶሎ አገኙ።

በደቡብ ኢጣሊያ ያለችው የናፖሊ ከተማ ቀድሞ የራሷ ነገሥታት የነበሯት ስለሆነች፣ ከሰሜን የመጡትን የሳቮያ ገዢዎች በሙሉ ልቧ አልተቀበለቻቸውም ነበር። ስለዚህ ወጣቶቹ ባልና ሚስት የሕዝቡን ልብ እንዲማርኩ በናፖሊ ተቀመጡ። አንድ ልጃቸውም በኖቬምበር 11 ቀን 1869 በዚያው ከተማ ተወለደና ቪቶርዮ ኤማኑኤሌ ተብሎ፣ የናፖሊ ልዑል የሚል ማዕርግ ተሰጠው። አንባቢ ይህን ልጅ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ በእኛ ታሪክ ውስጥ ይገባልና።

በጃኑዋሪ 1878 ኡምቤርቶ ነገሡ፤ ማርጌሪታም የኢጣሊያ የመጀመሪያይቱ ንግሥት ሆኑ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር 17 ቀን ንጉሡና ንግሥቲቱ ልጃቸውን ይዘው በናፖሊ መንገድ በሠረገላ ሲያልፉ፣ ጆቫኒ ፓሳናንቴ የሚባል አንድ ድኻ ሰው ወደ ሠረገላው ዘሎ ንጉሡን በትንሽ ቢላዋ ሊወጋ ሞከረ። ንጉሡ ጥቂት ብቻ ቆሰሉ፤ አብረዋቸው የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ካይሮሊ ግን እግራቸው ላይ ተወጉ። ንግሥቲቱም በእጃቸው የያዙትን እቅፍ አበባ በአጥቂው ፊት ላይ እንደ ወረወሩ ይነገራል። ይህን የጠቀስኩት የሰውዬው ሥራ ስለ ደነቀኝ ነው፤ ፓሳናንቴ ወጥ ቤት ነበር። የሞት ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦለት በኤልባ ደሴት በጨለማ ቤት ብዙ ዓመት ታስሮ አእምሮውን ሳተ። የነገሥታቱ ማዕድ በሞላበት አገር ወጥ ቤቱ ተርቦ ይኖር እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ማዕዳቸው ልመለስ። በዚያ ዘመን በኢጣሊያ ቤተ መንግሥት የሚቀርበው ምግብ የፈረንሳይ ዓይነት ነበረ፤ የምግቡም ዝርዝር የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። ነገር ግን ንግሥት ማርጌሪታ በአበላላቸው ከሕዝቡ እንዳልራቁ ሰዎች ያወሩ ነበር። እስከ ዛሬም ድረስ በኢጣሊያ አንድ ሰው በማዕድ ላይ ሹካና ቢላዋውን ትቶ ዶሮ በእጁ ቢበላና ቢያፍር፣ ንግሥት ማርጌሪታም እኮ ዶሮ በጣታቸው ይበሉ ነበር እያሉ ማጽናናት የተለመደ ነው። ለእኛ በእጃችን ለምንበላው ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ ለኤውሮፓ መኳንንት ግን ትልቅ ነገር ነበር።

ከዶሮው ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው ግን ፒሳ የሚባለው ቂጣ ነው። ፒሳ የስንዴ ሊጥ በእጅ ተለጥጦ፣ ቲማቲም ወይም አይብ ወይም ሌላ ማጣፈጫ ከላዩ ተደርጎበት፣ በእንጨት በጋለ ምድጃ ውስጥ በጥቂት ደቂቃ የሚበስል ነው። እኛ በወለጋ ወፍራሙን የጤፍ ቂጣ በቅቤና በቅመም አጣፍጠን ጩምቦ እንደምንለው ማለት ነው። በናፖሊ ይህን የሚበሉት ወደብ ላይ የሚሠሩ ወዛደሮችና ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ሻጮቹ በየመንገዱ እየዞሩ በጥቂት ሳንቲም ይሸጡት ነበር። የሰሜን ሰዎች ግን ይንቁት ነበር፤ የፒኖኪዮን ተረት የጻፈው ኮሎዲ እንኳ በ1886 ባሳተመው መጽሐፍ የፒሳን መልክ ከእድፍ ጋር አመሳስሎ ነቅፎታል። ይህን ንቀት ያባሰው በ1884 ዓ.ም. በናፖሊ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው የፈጀው የኮሌራ በሽታ ነው። ያን ጊዜ ንጉሥ ኡምቤርቶ ራሳቸው ወደ ከተማይቱ ሄደው በሽተኞችን ጎበኙ። ከዚያም የድሆቹን የተጨናነቁ ሰፈሮች አፍርሶ ከተማይቱን የማደስ ሥራ በ1889 ተጀመረ።

ሲነገር የኖረው ታሪክ እንደሚከተለው ነው። በ1889 ዓ.ም. በጁን ወር ንግሥቲቱ በናፖሊ በካፖዲሞንቴ ቤተ መንግሥት ሳሉ ሕዝቡ የሚበላውን ፒሳ ለመቅመስ ፈለጉ። ራፋኤሌ ኤስፖሲቶ የሚባል የታወቀ ጋጋሪ ተጠርቶ ከሚስቱ ጋር መጣና ሦስት ዓይነት አዘጋጀ። አንዱ በሞራና በአይብ፣ ሁለተኛው በትንንሽ ዓሣ፣ ሦስተኛው በቲማቲም፣ በነጭ አይብና በበሶብላ ቅጠል የተሠራ ነበረ። ንግሥቲቱ ከሁሉ ይልቅ ሦስተኛውን ወደዱ። ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ መሆኑም የኢጣሊያን ሰንደቅ ዓላማ ቀለም ያሳይ ነበር። ጋጋሪውም ቂጣውን በስማቸው ማርጌሪታ ብሎ ጠራው። ከቤተ መንግሥቱ ሹም ተጻፈ የተባለ፣ ጁን 11 ቀን 1889 የሚል ቀን ያለበት የምስጋና ደብዳቤም እስከ አሁን በዚያ ፒሳ ቤት ተሰቅሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ታሪክ ለሚማሩ ጓደኞቼ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የታሪክ ሊቃውንት ይህን ደብዳቤ መርምረው፣ ማኅተሙንና የእጅ ጽሑፉን በማየት እውነተኛነቱን ተጠራጥረዋል። ቲማቲምና አይብ በበሶብላ የተደረገበት ፒሳም ከዚያ በፊት በናፖሊ ይሠራ እንደ ነበረ በ1860ዎቹ የታተመ ጽሑፍ ይመሰክራል። ስለዚህ ጋጋሪው ቂጣውን ፈጠረ ከማለት ይልቅ ስም ሰጠው ማለት ይሻላል። ሆኖም የድኻ ሕዝብ ቂጣ የንግሥት ስም መሸከሙ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ናፖሊዎች የተናቀውን ምግባቸውን በንግሥቲቱ ስም አስከበሩት እንጂ፣ ስሙ ብቻውን ቂጣውን ጣፋጭ አላደረገውም።

ያ 1889 ዓ.ም. ለእኛም ያልተረሳ ዓመት ነው። ፒሳው ተበላ ከተባለበት ከአንድ ወር በፊት፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር በውጫሌ ውል ተፈራረሙ። ከዚያም ደጃዝማች መኰንን፣ በኋላ ራስ የሆኑት፣ መልእክተኛ ሆነው ወደ ኢጣሊያ ተሻገሩና በሮም በንጉሥ ኡምቤርቶ ፊት ቀረቡ። ተጨማሪውንም ውል በኦክቶበር 1 ቀን የፈረሙት በዚያችው በናፖሊ ከተማ ነው። የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ኢትዮጵያ ከፈቀደች በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር ልትነጋገር ትችላለች ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር መግቢያ፣ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1882፣ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ነገሡ፤ ከሁለት ቀን በኋላም እቴጌ ጣይቱ ዘውድ ጫኑ። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንዲት ንግሥት በናፖሊ ቂጣ ሲቀርብላቸው፣ ሌላይቱ በእንጦጦ ዘውድ ጫኑ፤ የሁለቱም ስም በአንድ ጦርነት ውስጥ ሊገናኝ ነበር።

ንግሥት ማርጌሪታ ተራራ መውጣት እጅግ ይወዱ ነበር። በኦገስት 1893 በበረዶ ላይ ተጉዘው ሞንቴ ሮዛ በሚባለው ተራራ ላይ 4,554 ሜትር ከፍታ ወዳለው ጫፍ ወጡና በስማቸው የተሠራውን ማረፊያ ቤት መረቁ። ይህ ከፍታ ከራስ ዳሸን ተራራችን ጋር የሚቀራረብ ነው። ብርታታቸው የሚደነቅ ነው። ነገር ግን የአገራቸው ክብር በሌላ ሕዝብ አገር ላይ እንዲሰፋ ይመኙ ስለ ነበር የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒን የቅኝ ግዛት ፖሊቲካ ይደግፉ ነበር። ያም ፖሊቲካ የት እንዳደረሳቸው እናውቃለን። እቴጌ ጣይቱ የራሳቸውን ጦር አስከትለው ዘመቱ፤ በመቀሌም የጠላት ምሽግ ከውሃ እንዲቆረጥ መከሩ። የካቲት 23 ቀን 1888 በኢትዮጵያ አቆጣጠር በዓድዋ የኢጣሊያ ጦር ድል ሆነ። ክሪስፒም ከሥልጣን ወረዱ፤ የውጫሌም ውል ተሻረ።

አሁን ወደ ወለጋ ልምጣ። ከዓድዋ በፊት በ1895 ዓ.ም. ካፒቴን ቪቶርዮ ቦቴጎ የሚባል ኢጣሊያዊ አገር መርማሪ ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥቶ የኦሞን ወንዝ ሊመረምር ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ገባ። በ1896 በመንገዱ ላይ ትልቁን የአባያን ሐይቅ ባየ ጊዜ የአገሬውን ስም ትቶ የማርጌሪታ ሐይቅ ብሎ ሰየመው። ለንግሥቲቱ ስጦታ ማድረጉ ነበር፤ ባለቤቶቹን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ በ1897 ዓ.ም. ወደ ወለጋ ደረሰ። በጊዳሚ አካባቢ ዳጋ ሮባ በተባለ ኮረብታ ላይ በማርች 17 ቀን ከደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ሰዎች ጋር ተዋግቶ ሞተ። አብረውት የነበሩት ሁለቱ መኰንኖች ቫኑቴሊና ቺቴርኒ ተማርከው ለዐፄ ምኒልክ ከተላኩ በኋላ በነጻ ተለቀቁ። ለሐይቃችን የንግሥቲቱን ስም የሰጠው ሰው ሕይወቱ ያለፈችው እንግዲህ በዚሁ በወለጋ መሬት ነው። የሰጠው ስም ግን በኤውሮፓውያን ካርታዎች ላይ ብዙ ዘመን ቆየ።

ንግሥቲቱን በአገራቸው የጠበቃቸው ኀዘን ደግሞ ከእንጀራ የመጣ ነው። በ1898 ዓ.ም. በኢጣሊያ የስንዴ ዋጋ ወደ ላይ ስለ ወጣ፣ ድኻው ሕዝብ ዳቦ ጠፋብን እያለ በየከተማው ተነሣ። በሜይ ወር በሚላኖ ጄኔራል ባቫ ቤካሪስ በመድፍና በጠመንጃ በሕዝቡ ላይ ተኩሶ፣ መንግሥት ራሱ እንዳመነው እንኳ 80 ያህል ሰዎች ሞቱ። ንጉሥ ኡምቤርቶ ጄኔራሉን መቅጣት ሲገባቸው ትልቅ ኒሻን ሸለሙት። ይህን በልቡ የያዘ ጋኤታኖ ብሬሺ የሚባል ሠራተኛ ከአሜሪካ ተነሥቶ መጣ። በጁላይ 29 ቀን 1900 ዓ.ም. በሞንዛ ከተማ ንጉሡን በሽጉጥ ገደለ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የድሆችን ቂጣ ቀምሰው ተመሰገኑ የተባሉት ንግሥት፣ ዳቦ ለጠየቁ ድሆች በተሰጠው መልስ ምክንያት በ48 ዓመታቸው መበለት ሆኑ። እኔ ከሕይወታቸው ሁሉ ይልቅ ልብ የነካኝ ይህ ነው። የሕዝብን ምግብ መውደድና ሕዝብን መውደድ አንድ አይደሉምና።

ከዚያ በኋላ እናት ንግሥት ተብለው በሮምና በባሕር ዳር በምትገኘው በቦርዲጌራ ከተማ ኖሩ። በጎ አድራጎት ይሠሩ፣ የሴቶችን የዳንቴል ሥራ ይረዱ፣ በአዲሱ አውቶሞቢልም ይጓዙ ነበር። በ1906 ዓ.ም. የአብሩዚ መስፍን በመካከለኛው አፍሪካ የሩወንዞሪን ተራራ ወጥተው ከፍተኛውን ጫፍ፣ 5,109 ሜትር የሆነውን፣ በስማቸው ጠሩት። በሽምግልናቸው ግን ፋሺስቶችን ደገፉ። በኦክቶበር 1922፣ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከመያዙ ጥቂት ቀናት በፊት፣ ከፋሺስት አለቆች አንዱ ኤሚልዮ ዴ ቦኖ ከጓደኛው ጋር ወደ ቦርዲጌራ ሄዶ እጅ ነሥቷቸዋል። ይህ ዴ ቦኖ በ1935 ዓ.ም. የመረብን ወንዝ ተሻግሮ አገራችንን የወረረው ጦር አዛዥ የነበረው ነው። እርሳቸው ግን ያን ሳያዩ በጃኑዋሪ 4 ቀን 1926 ዓ.ም. በ74 ዓመታቸው በቦርዲጌራ ሞተው፣ በሮም በፓንቴዎን ከባላቸው ጋር ተቀበሩ።

አንባቢ እንዲያስታውስልኝ የለመንኩት ልጃቸው ቪቶርዮ ኤማኑኤሌ 3ኛ በሜይ 9 ቀን 1936 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ የሚል ማዕርግ ተቀበሉ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1928 በነቀምቴ አቅራቢያ በቦነያ ሦስት የኢጣሊያ አይሮፕላኖች አረፉ። ይዘዋቸው የመጡት እነ ጄኔራል ማሊዮኮና እነ አንቶንዮ ሎካቴሊ ወለጋን በሰላም ለመረከብ አስበው ነበር። ነገር ግን ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኰንኖች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ጦር በሌሊት ደረሰባቸው፤ ከአንድ ቄስ በቀር የመጡት ሞቱ፣ አይሮፕላኖቹም ተቃጠሉ። የአርበኞቹ ትግል አምስት ዓመት ቀጥሎ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 በኢትዮጵያ አቆጣጠር ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ቪቶርዮ ኤማኑኤሌም በ1946 ዓ.ም. ዙፋናቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት የኢጣሊያ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ንግሥናውን አስቀረው፤ እርሳቸውም በስደት በግብፅ አገር ሞቱ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ ውስጥ ምን ቀረ? ሐይቁ በራሱ ስም አባያ ተብሎ ይጠራል፤ ማርጌሪታ ብሎ የሚጠራው የለም። የንጉሠ ነገሥትነቱ ማዕርግ ጠፋ። ቂጣው ግን በአዲስ አበባም በኒውዮርክም በስማቸው እየተጠራ ይበላል፤ የናፖሊ ጋጋሪዎች ጥበብም በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። በእኛም አገር ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ሳልሳ፣ ፉርኖና ማኪያቶ ከነስማቸው ቀርተዋል። በነቀምቴ ምግብ ቤቶች ፓስታው በበርበሬ በተሠራ ስልስ ይቀርባል፤ በጾም ወራትም በአትክልት ይበላል። ማንም ጦር ይዞ ብሉ ብሎ አላስገደደንም፤ እኛ ወደን በራሳችን ቅመም የራሳችን አደረግነው።

አንዳንድ ሰዎች ጠላት ያመጣውን ምግብ መብላት ነውር ነው ይሉ ይሆናል። እኔ በዚህ አልስማማም። የቦነያ ጀግኖች የተዋጉት ቂጣንና ፓስታን ሳይሆን፣ ሰው ባልሰጣቸው አገር ላይ ስማቸውን የሚጽፉትን ነው። ምግብ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ባለቤቱን አያዋርድም። የወለጋ ቡናም በውጭ ገበያ ለቀምት በሚል ስም፣ በዚህችው በነቀምቴ ስም፣ ይታወቃል። በባዕድ አገር ሰው ያንን ቡና ሲጠጣ የከተማችንን ስም ይጠራል እንጂ መሬቱን አልወሰድንበትም። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ስማችን ከእኛ በኋላ እንዲጠራ ብንመኝ፣ እንደ ቦቴጎ በሰው ሐይቅ ላይ ከመጻፍ ይልቅ፣ እንደዚያ የናፖሊ ጋጋሪ በእጃችን ሥራ ላይ እናኑረው እላለሁ።